የፎገራ ከብት ዝርያ ጥበቃና የአርቢው ድርሻ

የፎገራ ከብት ከጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ በተለይም ከፎገራ ሜዳ የተገኘ ነባር የአገራችን ዝርያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ሲሆን ጠባዩ ገር ነው፤ ለወተት፣ ለሥጋና ለእርሻ ያገለግላል፤ ረግረጋማ መሬትንም ተቋቁሞ ይኖራል። ይሁን እንጂ የግጦሽ መሬቱ ወደ ሩዝ ማሳነት በመለወጡና ከሌሎች ከብቶች ጋር ያለ ቁጥጥር በመዳቀሉ ንጹሕ ዝርያው በትውልድ ስፍራው እየተመናመነ መጥቷል።

ዝርያው የት ይጠበቃል?

በአዊ ብሔረሰብ ዞን ጓንጓ ወረዳ፣ በቻግኒ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የመተከል የከብት እርባታ ራንች ንጹሕ የፎገራ ከብት ከሚረባባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመውና ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ነው።

ሁለት ተግባር፣ አንድ መንጋ

ራንቹ የተሰጡት ተግባራት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ንጹሕ ዝርያውን ጠብቆ ማባዛት ነው። ሁለተኛው የፎገራ ላሞችን ከፍሪዢያን ዝርያ ጋር በማዳቀል የተሻለ ወተት የሚሰጡ ጊደሮችን ለአርቢዎች ማቅረብ ነው።

ሁለቱም ተግባራት የሚፈጸሙት በእነዚያው ላሞች ነው። አንዲት ላም በአንድ እርግዝና የምትወልደው ብዙውን ጊዜ አንድ ጥጃ በመሆኑ፣ ዲቃላ በወለደች ጊዜ ንጹሕ ጥጃ አትተካም። የዲቃላዋ ጊደር ልጅም የእናቷን ያህል የተመጣጠነ ደም አይኖራትም፤ እንደገና ከፍሪዢያን ብትዳቀል የውጭው ደም 75 በመቶ ይደርሳል፣ ከአገር ኮርማ ብትወልድ ደግሞ ወደ 25 በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ 50 በመቶ ዲቃላ ጊደር ያለማቋረጥ ለማግኘት ንጹሕ የፎገራ እናቶች ሁልጊዜ ሊኖሩ ይገባል። ንጹሑ መንጋ ካለቀ ለአርቢው የሚሰጠው ጊደርም አብሮ ይቀራል።

መንጋው ውስን ሲሆን የቅርብ ዘመዳሞች ተዳቅለው ደካማ ጥጃ እንዳይወለድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለዚህም እያንዳንዱ ጥጃ በጆሮ ቁጥር ይለያል፤ እናቱና አባቱ ይመዘገባሉ፤ ኮርማዎችም በየጊዜው ይቀያየራሉ።

ከአርቢው የሚጠበቅ

በእንጅባራ፣ በዳንግላና በአካባቢው የሚገኙ አርቢዎች የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ለራሳቸውም ለዝርያውም ይጠቅማሉ፦

1. ንጹሕ የፎገራ ላም ያለው አርቢ ሁሉንም ላሞች ለዲቃላ ከማዋል ይልቅ የተወሰኑትን ከንጹሕ የፎገራ ኮርማ ያስወልድ።
2. ከአንድ ኮርማ የተወለዱ ጊደሮች ከዚያው ኮርማ ጋር እንዳይገናኙ ኮርማው በጊዜ ይቀየር።
3. ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ በአማካይ በየ21 ቀኑ ይመለሳል። ጠዋት ምልክት ካሳየች በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ካሳየች በማግሥቱ ጠዋት ትዳቀል።
4. የተዳቀለችበት ቀንና የኮርማው ማንነት በጽሑፍ ይያዝ።

ስለ ሰው ሠራሽ ማዳቀል አገልግሎትና ስለ ጊደር አቅርቦት ማብራሪያ የሚፈልጉ አርቢዎች በቀበሌያቸው የሚገኘውን የእንስሳት ልማት ባለሙያ ወይም የወረዳቸውን የእንስሳት ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቁ እንመክራለን። ጊደር ከመረከብ አስቀድሞ በቂ መኖና በረት መዘጋጀቱን ማረጋገጥ ተገቢ ነው።