የሚያውቅሽ መምህር አለ?

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲቀበሉ ስለ ድርቅ፣ ስለ አቀንጭራና አቀንጭራን ስለሚቋቋመው ማሽላ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚስበኝ ግን ከሽልማቱ 36 ዓመት በፊት የሆነው ነው። በ1973 የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተማሪ ሳሉ መምህራቸው ብርሃኔ ገብረኪዳን ከአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከመጡት የማሽላ ተመራማሪ ከጆን አክስቴል ጋር አገናኟቸው። እንግዳው በኢትዮጵያ የማሽላ ዝርያዎችን የሚሰበስብላቸው ረዳት ይፈልጉ ነበር። ወጣቱ አብሯቸው ሠራ። አክስቴልም ሥራውን አይተው የድኅረ ምረቃ ተማሪያቸው እንዲሆን ወደ ፐርዱ ጋበዙት። በ1978 ዶክትሬቱን ያዘ።

ቅጽ መሙላቱም፣ ቪዛ መጠየቁም አልቀረም ይሆናል። ከሁሉ የቀደመው ግን አንድ መምህር አንድን ተማሪ በስሙና በእጁ ሥራ ማወቁ ነው።

ዛሬ የፊዚክስ ወይም የኬሚስትሪ አራተኛ ዓመት ተማሪ የሆነች ልጅ ስለ ስኮላርሺፕ ስታስብ ወደ መምህሯ ቢሮ አትሄድም። ስልኳን አውጥታ ቴሌግራም ትከፍታለች። እዚያ ሞልቷል፦ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን፣ ያለ ቋንቋ ፈተና፣ ያለ ማመልከቻ ክፍያ፣ «ሊዘጋ ሦስት ቀን የቀረው»። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ አምና ያለፈበት ነው፤ ከመካከሉ ደግሞ «እኛ እንሞላልዎታለን» የሚል ደላላ አለ። መረጃ አላነሳትም። ያነሳት ከመረጃው ውስጥ የትኛው የእሷ እንደሆነ የሚነግራት ሰው ነው።

እንዲህ የሆነው በአንድ ጀምበር አይደለም። ደርግ በወደቀበት ዘመን፣ አሥመራን ሳንቆጥር፣ አገሪቱ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ነበሯት፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። አሁን የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። በዚህ መስፋፋት ላይ 70 ለ30 የሚባለው የምደባ ፖሊሲ መጣ፤ ከመቶው ተማሪ 70ው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። ሰባው ሲከፈል 40ው ለኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ፣ 20ው ለተፈጥሮና ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ፣ የቀረው ለጤናና ለግብርና ነበር። ያ 20 በግቢ ቋንቋ ምን እንደሆነ የተማረበት ያውቀዋል። ሕክምና ያልደረሰው፣ ኢንጂነሪንግ ያመለጠው፣ ፋርማሲ ሞልቶ የተመለሰው ወደ «አፕላይድ» ይላክ ነበር። ፊዚክስን ወዶ የገባ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ ነበረ። ግን ክፍሉ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ምደባው ሲለጠፍ ያለቀሰ ነው።

ፖሊሲው ወንበር ቆጥሯል። የላብራቶሪ ጠረጴዛ፣ ኬሚካል፣ መምህር በዚያው ልክ አልተቆጠረም። ሦስትና አራት ተማሪ በአንድ ማይክሮስኮፕ የሚሻማበት፣ ቲትሬሽን በሰሌዳ ላይ የሚሠራበት ግቢ አይተናል። ሰሌዳ ላይ የተሠራ ቲትሬሽን ደግሞ ተማሪውን ለመምህሩ አያሳየውም። እጁ ይንቀጠቀጥ ይሁን የረጋ፣ ስህተቱን ይደብቅ ይሁን ይመዝግብ ማንም አያይለትም። ከግሬዱ በስተቀር ስለ እሱ የሚባል ነገር የለም።

የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ስንደርስ ነገሩ ፍጥጥ ይላል። ውጭ አገር ያሉ የሳይንስ ክፍሎች ሁለት ወይም ሦስት ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ከትራንስክሪፕት ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከእሱ አስቀድመው የሚያነቡት ይህንኑ ነው። በእኛ ግቢዎች የተለመደው አሠራር ይታወቃል። ተማሪው መምህሩን ኮሪደር ላይ ይጠብቃል፤ መምህሩም ይቸኩላሉ፤ «አንተ ጻፈውና አምጣ፣ እፈርምልሃለሁ» ይላሉ። ክፋት የለበትም፤ ትብብር ነው። ልጁ ዶርሙ ገብቶ ካገኘው ናሙና ይገለብጣል፦ ትጉህ፣ ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል። ይኸው ደብዳቤ በዚያው ዓመት በሃያ ስም ይሄዳል። እዚያ ተቀምጦ የሚያነበው ፕሮፌሰር የሚፈልገው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ መሣሪያው ሲበላሽ ይህች ልጅ ምን አደረገች? ያንን መጻፍ የሚችለው አጠገቧ ቆሞ ያየ ሰው ብቻ ነው። ፊርማውና ማኅተሙ ሙሉ ሆኖ ደብዳቤው ባዶ የሚሆነው በዚህ ነው።

እንግዲህ በሩ ተዘግቷል ወይ? አልተዘጋም። እንዲያውም ለመሠረታዊ ሳይንስ ተማሪ ከሌላው ይልቅ ሰፊ ነው፤ ይህን ግን ምደባው ሲለጠፍ ላለቀሰው ልጅ የነገረው የለም።

የሒሳብና የፊዚክስ ተመራቂ ከሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ሁለት ቦታ አለ። አንዱ በጣልያን ትሪየስቴ ከተማ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የቲዎሪቲካል ፊዚክስ ማዕከል ነው። ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1964 ሲመሠርቱት ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ራሳቸው ካምብሪጅ ተምረው ላሆር ሲመለሱ የሚያዋራቸው የሙያ ባልደረባ አጥተው እንደገና ከአገር ወጥተዋል፤ ሌላው የድሃ አገር ሳይንቲስት ከአገሩና ከሙያው አንዱን እንዲመርጥ አልፈለጉም። ማዕከሉ በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ተመራቂዎች ወጪያቸውን ሸፍኖ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል። ከዲግሪ በኋላ ዲፕሎማ ሲባል በእኛ ጆሮ ወደ ኋላ መመለስ ይመስላል፤ ስሙ ያስታቸው ልጆች ይኖራሉ። ነገሩ ግን በመጀመሪያ ዲግሪና በዶክትሬት መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላ ድልድይ ነው።

ሁለተኛው የአፍሪካ የሒሳብ ሳይንስ ኢንስቲትዩት ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ፊዚሲስት ኒል ቱሮክ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬፕ ታውን አጠገብ ሙይዘንበርግ ላይ ከፈቱት፤ ኋላ ሴኔጋል፣ ጋና፣ ካሜሩን፣ ሩዋንዳ ደረሰ። ተማሪውም አስጠኚውም አንድ ግቢ ያድራሉ። ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ መምህራን በሦስት ሳምንት የሚያልቅ ኮርስ እየሰጡ፣ ከተማሪው ጋር እየበሉ ይሰነብታሉ። እዚያ ማታ በአራት ሰዓት ጥያቄ ይዞ የመምህሩን በር ማንኳኳት ነውር አይደለም። ዓመቱ ሲያልቅ ተማሪው በእጁ ያለው ማስተርስ ብቻ አይደለም፤ በስሙ የሚያውቁት መምህራን አሉት። ዓለማያ ላይ የነበረው ነገር፣ በሌላ ስም።

አሜሪካን በተመለከተ ደግሞ አንድ የቆየ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ፤ ለዶክትሬት ማስተርስ የግድ ነው የሚል። በሳይንስ እንደዚያ አይደለም። ብዙዎቹ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ክፍሎች ከመጀመሪያ ዲግሪ በቀጥታ ለዶክትሬት ይቀበላሉ፤ ተማሪው በረዳት መምህርነት ወይም በምርምር ረዳትነት እየሠራ የትምህርት ክፍያው ይነሳለታል፣ የወር አበልም ያገኛል። ስኮላርሺፕ ብለው እንኳ አይጠሩትም። ስለዚህ «ስኮላርሺፕ» እያለ የሚፈልግ ልጅ ላያገኘው ይችላል። በአንጻሩ የማስተርስ ፕሮግራሙ ብዙውን ጊዜ የሚከፈልበት ነው። ይህን ባለማወቅ ለማስተርስ አመልክታ፣ ተቀባይነት አግኝታ፣ በገንዘብ እጦት የቀረች ቀለሜ ልጅ የማያውቅ ግቢ ያለ አይመስለኝም።

ጀርመን «ነፃ ነው» የሚለውም እንደዚሁ ግማሽ እውነት ነው። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም። ራሱን ችሎ የሚሄድ ተማሪ ግን ለቪዛው በዝግ ሒሳብ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ አስቀምጦ ማሳየት አለበት። ከዚህ የሚያድነው ስኮላርሺፕ ነው። ለልማት ቅርብ ለሆኑ የማስተርስ ትምህርቶች የሚሰጠው የዳድ (DAAD) ስኮላርሺፕ ደግሞ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ለትኩስ ተመራቂ አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንደስ ልምድን የግድ አይልም፤ በወር 1,400 ዩሮ ሰጥቶ ሁለትና ሦስት አገር እያዘዋወረ ያስተምራል፤ ውድድሩ ግን የዓለም ነው።

በሩ ሰፊ ከሆነ ተማሪው የሚቀረው በምንድን ነው? በወረቀትና በዶላር። የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ ከእሱ በፊት የሚከፈለው የተማሪዎች መመዝገቢያ 350 ዶላር ነው፤ ድምሩ 535። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 30 ሺህ ብር ግድም ነበር፤ ዶላሩ 100 ብር ሲሻገር 53 ሺህ አለፈ። ብሩ ቢገኝ እንኳ የሚከፈልበት ካርድ ማግኘት ለብዙው ተማሪ ከባድ ነው። ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ አክስት ያላት ልጅ ትደውላለች። አክስት የሌላት ጓደኛዋ አክስት እንዲኖራት ትመኛለች። እኩል ነጥብ ያላቸው ሁለት ልጆች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሳልኝ ብሎ በኢሜይል መጠየቅ እንደሚቻል፣ ብዙ ጊዜም እሺ እንደሚባል የሚያውቀው ጥቂቱ ነው፤ መጠየቅ ልመና የሚመስለን ሕዝቦች ነን።

ወረቀቱ የራሱ ጣጣ አለው። ተመራቂው ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ «ቴምፖውን»፣ ይዞ ይወጣል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የወጪ መጋራት ሥርዓት የምግቡን፣ የማደሪያውንና የትምህርቱን ከፊል ወጪ ከደመወዙ ሊከፍል ፈርሟል፤ በብዙ ግቢዎች ዕዳው ሳይዘጋ ኦሪጅናሉና ወደ ውጭ የሚላከው ትራንስክሪፕት አይወጡም። ሕጉ ተቀጥረህ ክፈል ይላል፤ ልጁ ሥራ የለውም፤ ስኮላርሺፑ ትራንስክሪፕት አምጣ ይላል። በዚህ ክብ ውስጥ አንድ ዓመት ይሄዳል። ዕዳው መከፈሉን አልቃወምም፤ አገር ያበላችው ነውና ይክፈል። ግን የቅበላ ደብዳቤ ይዞ የመጣን ልጅ ትራንስክሪፕቱን ልኮ ዕዳውን በውል ማራዘም ማንን ይጎዳል? መንግሥት የሚያጣው አንድም ብር አይታየኝም።

አገር ውስጥ የሚቀረውስ? ለብዙው የአፕላይድ ተመራቂ ዋናው መንገድ መምህርነት ሆኖ ቆይቷል፤ የአንድ ዓመቱን የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ ወስዶ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር። ፈልጎ የገባበት አለ፣ ሌላ አጥቶ የገባም አለ፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ብቻ ማለፋቸውን ሲያሳየን የዚህ ዳፋ አልነበረበትም ለማለት ይከብዳል። ኬሚስቱን የቢራ፣ የሲሚንቶና የመድኃኒት ፋብሪካዎች ለጥራት ቁጥጥር ይቀጥሩታል። ስታቲስቲክሱ ባንክ ይገባል። ፊዚክስ የተማረ ሰው ከሚፈለግባቸው ሥራዎች አንዱ ብዙዎች የማያስቡት ነው፤ የካንሰር የጨረር ሕክምና። ጥቁር አንበሳ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል ነበር፤ አሁን ማዕከላቱ ሲጨመሩ የጨረሩን መጠን የሚያሰላ ሜዲካል ፊዚሲስት ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ማሽኑ አይነካም። ለባዮሎጂው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በሥጋ ደዌ ምርምር የተጀመረው የአርማወር ሐንሰን ተቋም አለ፤ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጥናታቸውን የሚሠሩበት፣ መሣሪያ የሚነኩበት ቤት ነው።

«የሄደው አይመለስም» የሚለው ክርክር ሁሌ ይነሳል፤ ሐሰት አይደለም። መላ ግን አልጠፋም። ስዊድኖች ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲረዱ ያመጡት «ሳንድዊች» የሚባል ዘዴ ነበር፤ ተማሪው ከፊሉን ጊዜ ስዊድን፣ ከፊሉን እዚህ ሆኖ ዶክትሬቱን ይሠራል፤ ሥራውም ቤተሰቡም ቦታቸው ላይ ይቆያሉ። ዋስ አስፈርሞ ከመላክ ይልቅ ይህ ሰው ያስቀራል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የሚመለስበትን ላብራቶሪ አብሮ ይሠራልና።

ወደ አራተኛ ዓመቷ ልጅ ልመለስ። የአሜሪካ ክፍሎች ማመልከቻ በታኅሣሥ አካባቢ ይዘጋል፤ የኢራስመስ ሙንደሱ ብዙው በጥርና በአካባቢው ነው። እሷ የምትመረቀው በሰኔ ወይም በሐምሌ። ተመርቃ ልጀምር ካለች ቀጣዩን ታኅሣሥ ትጠብቃለች፤ ከዚያ መልሱን እስከ ሚያዝያ፤ ከዚያ ጉዞውን እስከ ነሐሴ። አንድ ዓመት ቤት ተቀምጣ። መጀመር የነበረባት መስከረም ላይ ነው፤ የመጨረሻ ዓመቷ ሲከፈት፣ የመመረቂያ ጥናት አማካሪ ሲደለደልላት። ያኔ የአማካሪውን ቢሮ ቀድማ አንኳኩታ «ላብ ውስጥ የሚሠራ ርዕስ ስጡኝ» ብትል፣ በታኅሣሥ ደብዳቤውን የሚጽፉት መምህር ስለ እሷ የሚሉት አንድ ነገር ይኖራቸዋል።