በወህኒው በር የሚጠብቃት ማን ነው?

እስረኛን መጠየቅ ጌታችን በማቴዎስ 25 ያስተማረን ሥራ ስለ ሆነ ብዙዎቻችሁ ታደርጉታላችሁ። ዛሬ ልናስረዳችሁ የወደድነው ግን እኛ ያልጠየቅናትን እስረኛ ሌላ ሰው ሊጠይቃት እንደሚችል ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በአሜሪካ ያካሄደው ምርመራ ነገሩን ግልጥ አድርጎታል። ሴቶችን ለዝሙት የሚነግዱ ሰዎች የታሳሪዎችን ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ መዝገብ ያገኛሉ፤ ደብዳቤ ይጽፋሉ፥ ገንዘብ ይልካሉ፥ የዋስትናውንም ይከፍላሉ። ሴቲቱ ስትፈታ ያ ሁሉ ዕዳ ሆኖ ይጠብቃታል፤ መክፈያውም ገላዋ ነው።

በእኛ አገር ለዚህ መዝገብ አያስፈልግም። ስንቅ የሚያመጣላት እንደሌለ በበሩ የቆመ ሁሉ ያያል። ከላስታ ደጋ ሥራ ፍለጋ የወጣች ልጅ በጋሸና በኩል ወልድያ ትወርዳለች፤ ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ፥ ሌላው በሚሌና በሎጊያ ወደ ጂቡቲና ዓረብ አገር ይወስዳታል። የላሊበላ የእንግዳ ገቢ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ፥ ከ2013 ማብቂያ ጀምሮም በጦርነት ስለ ተመታ በከተማው ሥራ ማግኘት ከብዷል። ይህች ልጅ በመንገድ ተይዛ ብትታሰር ቤተሰቧ ሩቅ ነው፤ ዋስም የላትም። «ያገርሽ ልጅ ነኝ» ብሎ እንጀራ ይዞ የመጣውን ደላላ እንዴት እምቢ ትበለው? ጥፋቱን በሞኝነቷ ላይ የሚጥል ስብከት ነገሩን አልተረዳውም እንላለን።

ሕጉ ይረዳናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 በሰው መነገድን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 21 ደግሞ የታሰረ ሰው በሃይማኖት አማካሪው እንዲጎበኝ መብት ይሰጣል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የሚነግደውን ይቀጣል።

ስለዚህ ለጸሎት ስትሄዱ ስንቅም ያዙ፤ ጠያቂ የሌላት ማን እንደ ሆነች ጠይቁ፥ ከፈቀደችም ለቤተሰቧ አስታውቁላት። በላስታ አብዛኛው ሕዝብ ኦርቶዶክስ ነውና የንስሐ አባቷን ብትፈልግ አስጠሩላት፤ ስንቁ በሃይማኖት አይለይም። ዋስ ስትሆኑ የዕዳ ወረቀት አታስፈርሟት፤ ያማ ከሆነ ከደላላው በምን ተለየን? ከሁሉ በላይ የምትፈታበትን ቀን ቀድማችሁ ዕወቁ። ሁለት እኅቶች የመሳፈሪያዋን ገንዘብ ይዘው በር ላይ ይጠብቋት። በእፍረት ወደ ቤት መመለስ ካልወደደች ማደሪያ አስቀድሞ ይታሰብላት። ስሟና ክሷ ግን ለጸሎት እንኳ ቢሆን በጉባኤ ፊት አይነበብ፤ በሚጠይቋት እኅቶች ዘንድ ብቻ ይቆይ።