ዲክሎፌናክ ከሌላ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ

ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያስተማረ፣ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት ወይም የሀምበሪቾን 777 ደረጃ ወጥቶ ጉልበቱ ያበጠበት ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ዲክሎፌናክ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር ጠብ የለንም፤ ሕመም ያስታግሳል፣ እብጠት ያጎድላል። ጥያቄያችን ሌላ ነው፦ ሰውየው አስቀድሞ ምን እየወሰደ ነበር?

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲንና አስፒሪን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን አሠራራቸውን በ1971 እ.ኤ.አ. አሳየ፤ በ1982ም ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል። ሕመምና እብጠትን የሚያባብሰው እሱ ነው፤ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀው፣ ወደ ኩላሊት ደም የሚያስገባውን ሥር የሚከፍተውም እሱው ነው። መድኃኒቱ ታዲያ መርጦ አይመታም።

ቀን ዲክሎፌናክ ተወግቶ ማታ አይቡፕሮፌን የሚውጥ ሰው ሁለት ዓይነት መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል። የወሰደው ግን አንዱኑ ደግሞ ነው፤ ሕመሙ በእጥፍ አይቀንስለትም፣ ጨጓራው የመድማቱ አደጋ ግን ይጨምራል። ፕሬድኒሶሎን ወይም ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ሲታከልበትማ የባሰ ነው። አረቄም እዚሁ ይመደባል። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ነገ ሳይባል ወደ ሆስፒታል ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበን የወላጆቻችን ነገር ነው። አንድ ሠልጣኝ ቅዳሜ ወደ ቤቱ ሲሄድ ለአባቱ ወገብ ዲክሎፌናክ ገዝቶ ይሄዳል። አባት ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና የሚያሸናውን ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስዳሉ እንበል። ማስታገሻው የግፊቱን መድኃኒት ያደክመዋል። ይህ ብቻ አይደለም፤ ማስታገሻው ወደ ኩላሊት የሚገባውን ሥር ያጠባል፣ ኢናላፕሪል የሚወጣውን ያሰፋል፣ የሚያሸናው ደግሞ የሰውነትን ውሃ ይቀንሳል። በሦስቱ መካከል ኩላሊት ደሙን የሚያጣራበት ግፊት ያጣል። ተቅማጥ ከተጨመረበት ጉዳቱ በጥቂት ቀን ሊደርስ ይችላል። ልጅ በፍቅር ያመጣው ኪኒን ነው እንግዲህ!

ለልባቸው በየቀኑ ትንሽ አስፒሪን የታዘዘላቸውም አሉ። አይቡፕሮፌን ቀድሞ ከተዋጠ የአስፒሪንን ቦታ ስለሚይዝበት የልቡ ጥበቃ ይላላል።

ፓራሲታሞል ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ነው፤ ልኩ ካላለፈ ጨጓራንና ኩላሊትን በዚህ መንገድ አይጎዳም። ለግፊት ሕመምተኛም ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው። ወደ መድኃኒት ቤት ስንሄድ ታማሚው የሚወስደውን ኪኒን ከነማሸጊያው ይዘን እናሳይ። ስሙን በቃላችን እናውቃለን እንላለን እንጂ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ቀለሙን ነው።