የአእምሮ ሕመምተኛ በመንደሩ ስለሚረዳበት መንገድ

በጉራጌ አገር በሶዶ፥ አንዳንድ ቤተ ዘመድ አእምሮው የታወከውን ሰው በሰንሰለት የሚያስረው ጠፍቶ እንዳይቀር ወይም ራሱን እንዳይጎዳ በመስጋት ነው። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚወሰደው ወደ ጠበል ነው፤ ለረጅም ዘመን ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ስለ ነበረ፥ መንገዱና ወጪው ለገበሬ ይከብድ ነበር።

ከ2011 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የጥናት ሥራ ግን የወረዳው ጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሠልጥነው ሕክምናውን በቅርብ ሰጡ። ሆኖም መድኃኒት ሕመሙን ቢያስታግሥም ብቻውን ሰውን ወደ ማኅበሩ አይመልስም። ስለዚህ በሌላ ጥናት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች በየቤቱ እየሄዱ ቤተሰቡን መከሩ፤ ሕመምተኛውም ወደ ሥራውና ወደ ጎረቤቱ እንዲመለስ ረዱት። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያስረዳው፥ እንዲህ የተረዱት ሕሙማን ከ12 ወር በኋላ የዕለት ኑሯቸውን በማከናወን ከሌሎቹ ተሽለው ተገኙ። ሰንሰለቱም የሚላላው የቤተ ዘመዱ ሥጋት ሲቃለል ነው።