«የጽዋው ተራ ደርሶብኝ እንቅልፍ አጣሁ»

የዛሬው ጨዋታችን የፍቅር ጉዳይ አይደለም። ባልና ሚስትም አልተጣሉም። ነገሩ የጽዋ ማኅበር ነው። «ማኅበር ደግሞ ምን የሚያስጨንቅ ነገር አለው?» እንዳትሉኝ፤ በእሱ የተነሳ እንቅልፍ ያጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለታሪካችን እዚሁ መቐለ፣ ዓዲ ሐቂ የሚኖሩ እናት ናቸው። እኔ «አደይ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም «ጓለይ» ይሉኛል። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቡና ልጠጣ ጎራ ብል ፊታቸው ጠቁሮ አገኘኋቸው። «አደይ፣ አመመዎት እንዴ?» አልኳቸው። «ምነው ባመመኝ! የታመመ ሰው ይጠየቃል። እኔ ግን ተራዬ ደርሷል» አሉና ዝም አሉ።

ለማያውቅ እናስረዳ። ጽዋ ማኅበር በአንድ ቅዱስ ወይም በእመቤታችን ስም በየወሩ የሚጠጣ ነው። የሚካኤል በ12፣ የማርያም በ21፣ የመድኃኔ ዓለም በ27 ይሆናል። ቄሱ ዳቦውንና ጠላውን ይባርካሉ። በእኛ አገር ህምባሻውንና ስዋውን ማለት ነው። ይበላል፣ ይጠጣል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። ከዚያ ባለተራዋ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር አስረክባ ትሸኛለች። አስታራቂውና አስተባባሪው «ሙሴ» ይባላል።

የአደይ ማኅበር የማርያም ነው፤ አባላቱም አሥራ ሁለት ናቸው። በጦርነቱ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። እንደገና ሲጀመር ዕጣ ተጣለ፤ ለአደይ የወጣላቸውም ኅዳር ነው። ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም! ለትግራይ ሰው ይህ ቀን ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። የነቢያት ጾም ስለገባ በግ አይታረድም እንጂ ህልበቱ፣ ሽሮው፣ ስዋው ከሌላው ወር በልጦ ይጠበቃል።

አደይ ጋ ግን ምንም አልነበረም። ድሮ እንዲህ አልነበሩም። በ2013 ዓ.ም. ተፈናቃዩ የመቐለን ትምህርት ቤቶች ሲሞላ ከስድስት ልጆች ጋር የመጣች አንዲት እናት ቤታቸው አስገብተው ከጎታቸው ያበሉ ሴት ናቸው። ከሰኔ 2013 ጀምሮ ባንኩ ሲዘጋ፣ ያላቸው ገንዘብ ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። ታኅሣሥ 2015 ላይ ባንክ መከፈት እስኪጀምር ድረስ የአንገት ወርቃቸውን ሸጠው ነው ያን ሁሉ ቤተሰብ ያቆዩት። ባንኩም ሲከፈት የነበረችው ገንዘብ ለዕዳ ሄደች።

«ታዲያ ለማኅበሩ ለምን አይነግሯቸውም?» ብላቸው ተቆጡኝ። «ስሰጥ የኖርኩ ሴት ስጡኝ ልበል? አሥር ሺህ ብር በአራጣ የሚያበድረኝ አግኝቻለሁ» አሉ።

እኔ በልጅ አፌ ብዙ ለፈለፍኩ። «እመቤታችን በአራጣ ድግስ ትደሰታለች እንዴ?» ሁሉ ብያለሁ። አልሰሙኝም። ያሳመናቸው የንስሐ አባታቸው አንድ ጥያቄ ነው። «ያቺ ከስድስት ልጆች ጋር የመጣችው ሴት በርሽን ሳታንኳኳ አፍራ ብትመለስ ኖሮ ትወጂላት ነበር?» አሏቸው። አደይ አለቀሱ። በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሙሴዋ ቤት ሄዱ።

እዚያ የሆነውን ልንገራችሁ። ሙሴዋ ሰምተው ሲያበቁ «አንቺ አራተኛዋ ነሽ» አሏቸው። ለካስ ሌሎች ሦስት አባላት ቀደም ብለው በየፊናቸው መጥተው፣ «ለሰው አይንገሩብን» ብለው ተመሳሳይ ችግር ተናግረው ኖሯል! ከአሥራ ሁለቱ አራቱ በየቤታቸው ሲጨነቁ፣ ሁሉም በየወሩ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስዋ ይጠጡ ነበር።

በዚያው ሳምንት ሁሉም ተሰብስበው ተስማሙ። አንዷ ጌሾውን፣ አንዷ ዱቄቱን፣ አንዷ ሽሮውን ይዛ መጣች። የአደይ ድርሻ ቤቱና ቡናው ሆነ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ይኸው ነው።

ይህን ያነሳሁት ስንቱ ቤት ተመሳሳይ ጭንቀት እንዳለ ስለገባኝ ነው። ጽዋም ይሁን ሰንበቴ፣ እድርም ይሁን የሰበካ ጉባኤ መዋጮ፣ የተሠራው ሰው እንዲደጋገፍ ነው። ድግሱ ሰውን ከሰው የሚያሸሽ ከሆነ ግን የሆነ ቦታ ላይ ተበላሽቷል ማለት ነው። ስለዚህ፦

1ኛ. ለድግሱ ልክ አብጁለት። ህምባሻና ስዋ ከተባለ ለሁሉም ህምባሻና ስዋ ይሁን። ያለው ሰው ጨምሮ ሲደግስ የሌለውን እያሳቀቀ ነው። የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉ ነዳያን ይሂድ።

2ኛ. የቀረን ሰው ከመቅጣታችሁ በፊት ቤቱ ሂዱ። ከማኅበር የሚቀር ሁሉ ሰነፍ አይደለም። አንዳንዱ ተራው እንዳይደርስ ነው የሚሸሸው።

3ኛ. ርዳታ ስትሰጡ በጉባኤ ፊት አይሁን። በሙሴው ወይም በንስሐ አባት እጅ ይድረስ። ቀኝ የሰጠውን ግራ እንዳያውቅ ወንጌልም ያዛል። ሰጪው ሲመሰገን ተቀባዩ አንገቱን የሚደፋ ከሆነ ምኑን ምጽዋት ሆነ?

4ኛ. አንተ የቸገረህ፣ አንቺ የቸገረሽ፣ ቀኑ ሳይደርስ ተናገሩ። ለአራጣ አበዳሪ ገበናን ከመግለጥ ለሙሴ መንገር ይሻላል። ማን ያውቃል፣ አራተኛው ሰው ትሆኑ ይሆናል።

የኅዳር ጽዮን ዕለት እኔም ተጠርቼ ነበር። ህምባሻው ተቆርሶ፣ ስዋው ተቀድቶ፣ ጽዋው ለቀጣዩዋ ባለተራ ሲሰጥ አደይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ጓለይ፣ ዛሬ ማታ እተኛለሁ» አሉኝ።

እናንተስ? በማኅበራችሁ ውስጥ ሰሞኑን ድምጹ የጠፋ ሰው የለም?