ደረቅ እጥበት ለብቸናና ለሞጣ ያዋጣል?

ወሩ ጥር ነው እንበል። የእነማይ ጤፍ ከአውድማ ወጥቶ፣ በደላላና በነጋዴ እጅ አልፎ ወደ አዲስ አበባ ተጭኗል። ገንዘቡ ገበሬው ኪስ ገብቷል፤ ሠርጉም በየመንደሩ ደርቷል። አንዱ ሚዜ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሲጎርስ የዶሮ ወጡ ቅባት ኮቱ ላይ ጠብ ይላል። ሰኞ ሲነጋ ይህ ኮት የት ይሂድ? ባሕር ዳር? ደብረ ማርቆስ? ወይስ እዚያው ብቸና?

ጥያቄው ተራ ቢመስልም የገበያ ጥያቄ ነው። ከደጀን ተነስቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የመንግሥት ሠራተኛው፣ መምህሩና ነጋዴው ኮትና ሱሪ ይለብሳሉ። በመሆኑም በልብስ ንጽህና ሥራ ገንዘቡን ለማፍሰስ የሚያስብ ባለሀብት ቢኖር አይገርምም። ይሁንና ከመሣሪያው በፊት ሥራውን ማወቅ ይበጃል።

ደረቅ እጥበት "ደረቅ" የተባለው ልብሱ ስለማይርስ ሳይሆን ውኃ ስለማይነካው ነው። ልብሱ ቅባትን በሚያሟሟ ኬሚካል ውስጥ ይሽከረከራል፤ ኬሚካሉም ተጣርቶ እንደ አረቄ እየተነጠረ ተመልሶ ያገለግላል። ቶማስ ጄኒንግስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ልብስ ሰፊ በዚህ ዘርፍ የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1821 ነበር። ቀደም ባለው ዘመን ቤንዚንና መሰሎቹ ያገለግሉ ስለነበር የእሳት አደጋ የሥራው ጠላት ነበር። ከ1930ዎቹ ወዲህ ግን እሳት የማይዘው ፐርክሎሮኢትሊን፣ በአጭሩ "ፐርክ"፣ ገበያውን ያዘ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ይህ ኬሚካል የሚያወጣው ቅባትን ነው። የወጥ ቅቤ፣ የጧፍ ሰምና የሞተር ዘይት ይለቁለታል። ላብ፣ ጠጅና ስኳር ያለው ቡና ግን የውኃ ልጆች ናቸውና ብቻውን አያስለቅቃቸውም። ስለዚህ ልብሱ መሣሪያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት እድፉን ለይቶ በእጁ የሚያክም ባለሙያ ያስፈልጋል። የሥራው ትርፍም ኪሳራም ያለው በዚህ ሰው እጅ ነው።

ጥቂት ምሳሌ እንስጥ። ደም የነካው ልብስ ሙቅ ውኃ ካገኘው እድፉ ጨርሶ ይነክሳል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃዋል። የአልጫ እርድ የነካው ነጠላ በሳሙና ሲፈተግ ቢጫው ወደ ቀይ ይለወጣል፤ ባለቤቱ ቢደነግጥም ሳሙናው የፈጠረው ለውጥ ነው። በደንብ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ከዋለ እየደበዘዘ ይሄዳል። በረኪና ለነጭ ጥጥ ሊሆን ይችላል፤ ሱፍና ሐር ላይ ካረፈ ግን ልብሱን ያበላሻል። ካውያ ደግሞ እድፉ ሳይለቅ ከተተኮሰበት ባለበት ያደርቀዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። መሣሪያውም ኬሚካሉም በዶላር የሚገዙ ናቸው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በተጨማሪም ገበያው ወቅታዊ ነው። ገንዘብና ሠርግ የሚገናኙት በጥርና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን መሐል ላይ ይገባል። ክረምት ሲመጣ ጭቃው ይበዛል፣ ልብስ አይደርቅም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የገበሬው ኪስም ጎተራውም የሳሳ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ንግድ እንዴት እንደሚቆም አሳይቷል።

ከሁሉ በላይ የልብሱ ዓይነት ይታይ። ጋቢው፣ ነጠላውና የሀበሻ ቀሚሱ በአብዛኛው ጥጥ ነው፤ በጥንቃቄ በውኃ ይታጠባል። ፐርክ የግድ የሚያስፈልገው ከሱፍ የተሠራውና ገበሩ የሚጨማደደው ሙሉ ልብስ ነው። እርሱን ብቻ የሚጠብቅ ውድ መሣሪያ ብዙውን ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል።

ሌላም አደጋ አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ፐርክን እ.ኤ.አ. በ1995 "ካንሰር አምጪ ሳይሆን አይቀርም" በሚለው ምድብ አስገብቶታል። የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ በደረቅ እጥበት ቤቶች ከልክላዋለች፤ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በዲሴምበር 2024 በ10 ዓመት ውስጥ ከዚህ ሥራ እንዲወጣ የሚያዝ ደንብ አውጥቷል። እዚያ የሚጣሉ ያገለገሉ መሣሪያዎች ለእንደኛ ላለው አገር በርካሽ ሊቀርቡ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም። ርካሹ ግን ውድ ነው። ፐርክ ከውኃ ስለሚከብድ መሬት ላይ ከፈሰሰ ሰርጎ የከርሰ ምድር ውኃን ይበክላል። ጉድጓድና ምንጭ ለሚጠጣ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በጠባብ ክፍል ትነቱን ሲተነፍስ የሚውለው ተቀጣሪስ?

ታዲያ ሥራው ይቅር? አይደለም። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጀርመን ውስጥ "ሙያዊ የውኃ እጥበት" የሚባል ዘዴ ተስፋፍቷል። ውኃውን፣ ሙቀቱንና ሽክርክሩን በልክ ተቆጣጥሮ፣ በለዘብተኛ ሳሙና አብዛኛውን ሱፍ ጭምር ያጥባል። በውኃ ነጭ ልብስ ማጠብ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ እናቶቻችን ነጠላን በእንዶድ ሲያነጡ ኖረዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነበር።

በእኛ ግምት ለብቸናና ለሞጣ የሚያዋጣው መጠነኛ የልብስ ማጠቢያ፣ የእንፋሎት ካውያ፣ የእድፍ ጠረጴዛና አንድ የሠለጠነ ሰው ይዞ መጀመር ነው። የግድ ደረቅ እጥበት የሚሻውን ጥቂት ኮት በሳምንት አንድ ቀን ወደ ባሕር ዳር ልኮ በኮሚሽን መሥራት ይቻላል። ልብስ ሲቀበሉ እድፉን፣ ቅዳዱንና የጎደለውን ቁልፍ በደረሰኝ ላይ መመዝገብ አይዘንጋ፤ የአንድ የጠፋ ኮት ካሳ የብዙ ኮት ገቢ ይበላልና። ሠርገኛው ሰኞ ጠዋት የሚፈልገው የመሣሪያውን ስም ሳይሆን ንጹሕ ኮቱን ነው። ሒሳቡን ለባለሀብቱ እንተወዋለን።