«ሉዝ» እና «ፔርዴሬ»፦ የመጥፋት ግሦች በእንግሊዝኛና በጣሊያንኛ

እንግሊዝኛ የዕቃን መጥፋት፣ የጨዋታን ሽንፈት፣ ሰውን በሞት ማጣትን ሁሉ የሚናገርበት ዋና ግሥ «ሉዝ» ነው፤ ጣሊያንኛ ለዚሁ «ፔርዴሬ» ይላል። መዝገበ ቃላት ሁለቱን ጎን ለጎን ስለሚያስቀምጣቸው ተማሪው አንዱን በሌላው የሚተካ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። ቁልፍ፣ ገንዘብ፣ ሥራ፣ ትዕግሥት፣ ሕይወት፣ ጦርነት ሁሉ በሁለቱም ቋንቋ በእነዚህ ግሦች ይነገራል። ችግሩ የሚመጣው ከዳር ዳር ነው። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዱ የተለየ ግሥ የመደበላቸውን በርካታ ነገሮች ጣሊያንኛ በ«ፔርዴሬ» ጠቅልሎ ይይዛል። በአንጻሩ እንግሊዝኛ ብዙም ያልተጨነቀበትን ልዩነት፣ ማለትም የጠፋው ነገር ገና ሊገኝ ይችላል ወይስ ቁርጡ ታውቋል የሚለውን፣ ጣሊያንኛ «ዝማሪሬ» በሚባል ሌላ ግሥ ይለየዋል።

የሁለቱ ዋና ግሦች ጥንተ ታሪክ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «ፔርዴሬ» ከላቲን የወረደ ሲሆን፣ በላቲን ማጥፋትንም፣ ማባከንንም፣ የያዙትን ማጣትንም ያመለክት ነበር፤ አማርኛ «ጠፋ»ን እና «አጠፋ»ን ከአንድ ሥር እንደሚያወጣው ዓይነት። የእንግሊዝኛው «ሉዝ» ደግሞ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሎሲያን» ነበር፤ ትርጉሙም በመጀመሪያ «ጠፋ»፣ «ሞተ» እንጂ «አጣ» አልነበረም። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ቁጥር 12 መቶ በጎች ስላሉት ሰው ሲናገር፣ ጥንታዊው የእንግሊዝኛ ትርጉም የተጠቀመበት አገባብ ከአማርኛው «ጠፋበት» ጋር አንድ ነው፤ ድርጊቱን የፈጸመው በጉ ነው፣ ሰውየው ግን ጉዳቱ የደረሰበት ነው። ኋላ ላይ እንግሊዝኛ ይህን አገባብ ትቶ ሰውየውን አድራጊ አደረገው። ዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ቁልፉ ሲጠፋበት የሚለው ቃል በቃል ሲተረጎም «ቁልፌን አጠፋሁ» እንደማለት ነው። አማርኛ ግን እስከ ዛሬ ቁልፉን ራሱን ያስጠፋዋል።

እንግሊዝኛ ከ«ሉዝ» ሌላ «ሚስሌይ» እና «ሚስፕሌስ» የሚባሉ ሁለት ግሦች አሉት። ሁለቱም አኑሮ መርሳትን ይናገራሉ፤ መነጽር ቤት ውስጥ አለ፣ የተቀመጠበት ቦታ ግን አልታወስ ብሏል። «ሚስሌይ» የጨዋ ወግ ያለው፣ በጽሑፍ የሚዘወተር ግሥ ነው። «ሚስፕሌስ» ደግሞ ያለ ቦታው ማስቀመጥ ከሚለው መነሻው የተነሣ ለማይገባው ሰው የተሰጠ አመኔታንም ይገልጻል። ጣሊያንኛ ለእነዚህ ራሱን የቻለ የዕለት ተዕለት ግሥ ስለሌለው ነገሩን በአሉታ ይናገረዋል፦ «ኖን ትሮቮ ፒዩ ሌ ኪያቪ»፣ ማለትም ቁልፎቹን ከእንግዲህ አላገኛቸውም። ጃንጥላውን ባቡር ላይ ረስቶ የወረደ ሰው ደግሞ በጣሊያንኛ እንደ አማርኛው «ረሳሁት» ብሎ ቦታውን መጥቀስ ይችላል፤ ግሡ «ዲሜንቲካሬ» ነው። ደንበኛው እንግሊዝኛ ግን ቦታ ከተጠቀሰ «ረሳሁት» ማለትን ስለማይወድ «ትቼው ወረድኩ» ወደሚል ግሥ ይዞራል።

«ሚስሌይ» ከ«ሉዝ» የሚለየው በወግ ብቻ እንዳይመስል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ሕግ ልዩነቱ ንብረትን ያስገኛል ወይም ያሳጣል። በ1851 እ.ኤ.አ. አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በሱቅ ወለል ላይ ወድቆ የተገኘን የባንክ ኖት ጥቅል ባለቤቱ ስላልተገኘ ላነሣው ሰው ፈረደለት፤ ገንዘቡ ባለቤቱ ሳያውቅ የወደቀ፣ በሕጉ አነጋገር የጠፋ ነበርና። በ1866 ደግሞ የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፀጉር አስተካካይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስለተገኘ ቦርሳ ሲወስን ፍርዱ የዚያ ተቃራኒ ሆነ። ቦርሳው ወድቆ ሳይሆን ባለቤቱ ወድዶ ጠረጴዛው ላይ አኑሮት የረሳው ስለሆነ፣ አስታውሶ ሊመለስበት ይችላል፤ ስለዚህ ማቆየት የሚገባው ያገኘው ደንበኛ ሳይሆን የቤቱ ባለቤት ነው ተባለ።

የ«ፔርዴሬ» ስፋት የሚታየው እንግሊዝኛ ወደ ሌሎች ግሦች በሚሸሽባቸው ቦታዎች ነው። ጊዜን ማባከን በእንግሊዝኛ «ዌስት» ሲሆን በጣሊያንኛ «ፔርዴሬ ቴምፖ» ነው። ጣሊያንኛም «ስፕሬካሬ» የሚል የማባከን ግሥ አለው፤ ለገንዘብ፣ ለምግብና ለውኃ ይዘወተራል፣ በጊዜ ጉዳይ ግን የተለመደው «ፔርዴሬ» ነው። ከዚህም «ፔርዲቴምፖ» የሚል ስም ወጥቷል፤ በጣሊያን የቤትና የመኪና ሽያጭ ማስታወቂያዎች ግርጌ ሊገዛ ሳይሆን ጊዜ ሊያባክን የሚመጣ ሰው እንዳይደውል የሚያስጠነቅቀው ቃል ይኸው ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧም «ይፔርዳል»፤ እንግሊዝኛ ለዚህ «ሊክ» የሚል ግሥ አለው። ስለዚህ «ፔርዲታ ዲ ጋዝ» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው «የጋዝ መጥፋት» ብሎ ቢረዳው ይሳሳታል፤ ጋዙ አለቀ ማለት ሳይሆን እያመለጠ ነው ማለት ነውና መራቅ ይሻላል። ዛፍ ቅጠሉን ሲያረግፍ፣ ውሻ ፀጉሩን ሲያራግፍ እንግሊዝኛ «ሼድ» የሚልበትንም «ፔርዴሬ» ይሸፍነዋል። ተኩላ ፀጉሩን እንጂ አመሉን አያጣም የሚለው የጣሊያኖች ተረት የቆመው በዚሁ ግሥ ላይ ነው። በቁጣ ራስን አለመቆጣጠር ደግሞ «ፔርዴሬ ሌ ስታፌ» ይባላል፤ እርካብ ማጣት ማለት ነው። ፈረስ ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ ምስል ማብራሪያ አያሻውም።

በእግር ኳስ ሳይጫወቱ መሸነፍ በእንግሊዝኛ «ፎርፊት» ነው። ጣሊያኖች «ፔርዴሬ ኣ ታቮሊኖ»፣ በትንሿ ጠረጴዛ ላይ ተሸነፈ ይላሉ፤ ውጤቱ የተወሰነው ሜዳ ላይ ሳይሆን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነውና። የኢትዮጵያ ስፖርት አፍቃሪ በሚገባ የሚያውቀው «ፎርፌ» ከእንግሊዝኛው «ፎርፊት» ጋር በፈረንሳይኛ በኩል የሚዛመድ ቃል ነው።

ተማሪን አብዝቶ የሚያስቸግረው «ሚስ» ነው። ይህ የእንግሊዝኛ ግሥ ሁለት የማይገናኙ ነገሮችን ይዟል፤ አንዱ ማምለጥ፣ ሌላው መናፈቅ። ባቡር ሲያመልጥ ጣሊያንኛ «ፔርዴሬ» ይላል። ጥሩ ፊልም ሳያይ የቀረ ሰው «ቲ ሴይ ፔርሶ ኡን ቤል ፊልም» ይባላል፤ ግሡ በራሱ ላይ ይመለሳል። ናፍቆት ግን ከመጥፋት ግሦች ፈጽሞ ወጥቶ ወደ «ማንካሬ» ይሄዳል፤ መጉደል ማለት ነው። «ሚ ማንኪ» ሲባል ድርጊቱ የሚሰጠው ለተናፋቂው ነው፦ አንተ ለእኔ ትጎድላለህ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን መገልበጥ እስኪለምድ ድረስ ይቸገራል። አማርኛ ተናጋሪ ግን «ናፈቅኸኝ» ሲልም፣ «ባቡሩ አመለጠኝ» ሲልም ግሡን የሚያስፈጽመው በሌላው ወገን ስለሆነ «ሚ ማንኪ»ን ሳይማረው ያውቀዋል ማለት ይቻላል።

«ዝማሪሬ» ከሁሉም ይበልጥ ልዩ ትኩረት የሚገባው ግሥ ነው። ምንጩ ላቲን ሳይሆን ጀርመናዊ ነው፤ ማሰናከልና ማወክ ከሚል ሥር ወጥቶ መንገድ ማሳትን፣ ቀጥሎም ዕቃ ማጥፋትን ያዘ። ውስጡ ተስፋ አለበት፦ ነገሩ አለ፣ ግን ከእጅ ወጥቷል። የጣሊያኑ ገጣሚ ዳንቴ በ«መለኮታዊ ኮሜዲ» መግቢያ ላይ ስለ ቀናው መንገድ ሲናገር የመረጠው ይህንኑ ግሥ ነው፤ መንገዱ ተሳተ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም፣ ገጣሚውም ኋላ ይመለስበታል። በሲኦል ደጃፍ፣ በሦስተኛው መዝሙር፣ ለኩነኔ ሰዎች ግን የሰጠው ቅጽል «ፔርዱታ» ነው፤ ለእነርሱ መገኘት የለም። እንግሊዝኛ ሁለቱንም «ሎስት» ከማለት ሌላ ቀላል መንገድ ስለሌለው ይህ ልዩነት በትርጉም ላይ ይደበዝዛል። በክርስቶስ ምሳሌ የጠፋችው በግም በጣሊያኖች አፍ «ፔኮሬላ ዝማሪታ» ናት። ግራ ተጋብቶ የሚቃብዝ ሰው ዐይንም «ዝማሪቶ» ይባላል።

ሊገኝ ይችል ይሆን ወይስ አይችልም የሚለው ሳይቆረጥ የቀረ ሰው «ዲስፔርሶ» ነው፤ ትርጉሙ ተበታትኖ የቀረ ማለት ሲሆን፣ እንግሊዝኛው «ሚሲንግ» ይለዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1942–43 እ.ኤ.አ. የክረምት ሽሽት ከሩሲያው የዶን ወንዝ ግንባር ያልተመለሱት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የጣሊያን ወታደሮች የተመዘገቡት በአብዛኛው በዚህ ቃል ነው። ለቤተሰቦቻቸው ቃሉ ሞትም ሕይወትም አልነበረም።

የ«ፔርዴሬ» ያለፈ ጊዜ ቅጽላዊ ቅርጽ ሁለት ነው። በንግግር የሚዘወተረው «ፔርሶ» ነው፤ መንገድ የጠፋበት ወንድ «ሚ ሶኖ ፔርሶ»፣ ሴት «ሚ ሶኖ ፔርሳ» ትላለች። «ፔርዱቶ» ክብደትና ትዝታ ያለው ነው፤ የእንግሊዛዊው ገጣሚ የሚልተን «የጠፋችው ገነት» በጣሊያንኛ የሚታወቀው በዚህ ቅጽል ነው። «ዝማሪሬ» ደግሞ በንግግር ብዙም ባይሰማም የቢሮና የማስታወቂያ ቋንቋ ሆኖ ጸንቷል። ብሪታንያ «ሎስት ፕሮፐርቲ»፣ አሜሪካ «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» የሚሉት የጠፉ ዕቃዎች ቢሮ በጣሊያን ባቡር ጣቢያዎች «ኦጄቲ ዝማሪቲ» ይባላል። በጣሊያን የሚኖር ሰው ፓስፖርቱ ወይም የመኖሪያ ፈቃዱ ቢጠፋበት ለፖሊስ ወይም ካራቢኒየሪ ለሚባለው የጸጥታ ኃይል የሚያቀርበው «ዴኑንቻ ዲ ዝማሪሜንቶ» ነው፤ ተሰርቆበት ከሆነ ግን ቃሉ «ፉርቶ» ነው፣ ማመልከቻውም ሌላ ነው።